ወይራን ለምሰሶ፣ ግራርን ለምድጃ

በዚህ ክረምት አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ጥፋቴን ጋዜጣ ላይ የማወጣው ሰው እንዲስቅብኝ ብዬ አይደለም። ብዙዎቻችን ሳናውቀው በየምድጃችን የምናጠፋው ጥፋት መሆኑን ስለተረዳሁ ነው።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ገና አልጨረስኩም። ማንበብና መጻፍ ለማስተማር የዘመትኩት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ነው። አዋሽ መልካሳን አልፎ፣ ዴራን አልፎ፣ መንገዱ ወደ ኢተያ ሽቅብ ማለት ሲጀምር ገባ ብሎ አንድ መንደር አለ። እዚያ በአንድ አዛውንት ገበሬ ቤት አርፌአለሁ። እሳቸውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እላቸዋለሁ። እኔ እንጨት የማውቀው ከተማ በሸክም ተገዝቶ ሲመጣ ነው። ዛፍ ሁሉ ለእኔ ዛፍ ነበር። እንጨትም ሁሉ እንጨት።

አንድ ቀን እማማ እንጀራ ሊጋግሩ ተነሡ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ማገዶው ሁሉ ርሷል። «እስቲ አንተ ልጅ፣ ከጓሮ ደረቅ ነገር ካገኘህ አምጣልኝ» አሉኝ። ወጣሁ። ከጎተራው ሥር ሁለት አሮጌ እንጨቶች ተጋድመዋል። ጥቁር ናቸው። ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል። አሮጌ ጭቃና ጭድ ተጣብቆባቸዋል። የተጣሉ መሰለኝ። ምሳር አንሥቼ አንዱን መፍለጥ ጀመርኩ። ምሳሩ ይነጥራል። እጄ ተላጠ። አስተዋይ ሰው ቢሆን «ይህ እንጨት ለምን እንዲህ እምቢ አለኝ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። አንዱን ፈልጬ ጨረስኩት። ሁለተኛውን እስከ ግማሹ አደረስኩት። ከዚያ ክምሩን ተሸክሜ ገባሁ።

እማማ ሊጡን እያዩ ስለነበር እንጨቱን አላዩትም። እኔው ራሴ ከምጣዱ ሥር ጨመርኩት። እሳቱ ሲያያዝ ሽታው ቤቱን ሞላው። የወተት ዕቃ ሲታጠን የሚሸተው ሽታ ነው። እማማ ድንገት ዞር አሉ።

«ይሄ ወይራ ነው። ከየት አመጣኸው?»

ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አባባ ማታ ከእርሻ ሲመለሱ የቀረውን ግማሽ እንጨት አዩ። ቁጭ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጉርባ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ የአባቴ ቤት ቋሚ ነው።»

ቤቱ የተሠራው በ1971 ዓ.ም. ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ ወር የተጀመረበት ዓመት ስለሆነ አባባ ዓመቱን አይረሱትም። ጉድጓዱን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። ቤቱ ከ40 ዓመት በላይ ቆሟል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የባህር ዛፉ ቋሚዎች በምስጥ እየተበሉ ብዙ ጊዜ ተለውጠዋል። የወይራዎቹን ግን የነካቸው የለም። ቤቱ ፈርሶ በምትኩ የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ ደኅና የሆኑትን ሁለቱን ለልጃቸው ቤት ምሰሶ እንዲሆኑ ብለው አስቀመጧቸው። እኔ ደግሞ አንዱን ለሦስት እንጀራ አነደድኩት።

አባባ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረውን ጫፍ አሳዩኝ። ከዳር ያለው ሥሥ ክፍል ተበልቷል። መሐሉ ግን ብረት ነው። በጥፍሬ ሞከርኩት፣ ምልክት እንኳ አልያዘም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ። መጽሐፍም አገላብጫለሁ። የደረስኩበትን እነሆ እጽፋለሁ። ማንበብ የቻላችሁ ላልቻሉት ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።

ለመሆኑ ወይራ ለምን አይበሰብስም? ዛፍ ዕድሜው ሲገፋ በግንዱ መሐል ያለው ክፍል ውሃ ማመላለሱን ይተዋል። ዛፉም በዚያ ክፍል ውስጥ መራራና የሚያጣብቅ ነገር ያከማቻል። ይህ መሐለኛው ክፍል የእንጨቱ ልብ ነው። ቀለሙ ይጠቁራል። ሻጋታና ምስጥ መራራውን ነገር አይወዱትም። ከዳር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን ለዛፉ ምግብ የተቀመጠበት ነው። ለዛፍ ምግብ የሆነ ለምስጥም ምግብ ነው። ስለዚህ ከማናቸውም ዛፍ ቢሆን ነጩ ዳር ቶሎ ይበሰብሳል። ልዩነቱ ያለው ልቡ ላይ ነው። የብሳና ልብ ደካማ ነው። የወይራና የጥድ ልብ ጠንካራ ነው። ገና ለግላጋ የሆነ ባህር ዛፍ ደግሞ ልብ የሚባል ነገር ገና አላበጀም፤ ጠቅላላው ነጭ ዳር ነው ማለት ይቻላል። በጥቂት ዓመት በምስጥ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ክንድ የማያህል ወጣት ወይራ ቆርጦ አጥር ማድረግም እንዲሁ ሞኝነት ነው። ልቡ አልበሰለም፤ ይበሰብሳል። ዛፉም ገና ሳያድግ ጠፋ።

አሁን ወይራን እንዴት እንለየዋለን? ለእናንተ ለገበሬዎች ይህን ማስረዳት ድፍረት ይመስል ይሆናል። አባቶች ያውቁታል። ነገር ግን ልጆቻችሁን ጠይቁ። እኔ በማስተምርበት ዳስ ውስጥ ካሉት ወጣቶች ወይራን ከነቅጠሉ የማያውቅ አንድም የለም። ተፈልጦ ሲቀርብላቸው ግን ከአምስቱ ሦስቱ ሳቱት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ወደ እሳት የሚገባው ቅጠል የሌለው እንጨት ነውና።

በቁሙ ሲሆን ቅጠሉ ይመሰክራል። ቅጠሉ ጠበብና ረዘም ያለ ነው። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ጀርባው ግን ወርቅማ ወይም ቡናማ ይመስላል። ቅጠሎቹ በቀንበጡ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይበቅላሉ። ቀንበጡን ሰብራችሁ አኝኩት፤ መፋቂያ ማድረግ የለመደ ሰው ምሬቱን ያውቀዋል። የሽማግሌ ወይራ ቅርፊት ጠቆር ብሎ የተሰነጣጠቀ ነው። ግንዱም ብዙውን ጊዜ ቀጥ አይልም፤ ይጣመማል፣ ይጎረብጣል።

ተቆርጦ ሲሆን ደግሞ የተቆረጠበትን ፊት ተመልከቱ። ዳሩ ገረጣ ያለ፣ ልቡ ጥቁር ቡናማ ነው። በልቡ ውስጥ ጠቆር ያሉ መስመሮች እንደ ጅረት ይወርዳሉ። ከዚያ በእጃችሁ አንሡት። ያንኑ የሚያህል የብሳና ፍልጥ በሌላው እጃችሁ ያዙ። ልዩነቱን ለመናገር ሚዛን አያስፈልግም። እርጥብ የወይራ ግንድ ውሃ ውስጥ ቢጣል ብዙ ጊዜ ይሰምጣል እንጂ አይንሳፈፍም። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ስታጋጩ ድምፁ እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ የደካማ እንጨት ድምፅ የታፈነ ነው። ጥቂት ፍቃችሁ አሽትቱት። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ሽታው ነው። በዚህ በኩል ጋን የሚያጥኑ፣ ጮጮ የሚያጥኑ እናቶቻችን ከማናችንም ይበልጣሉ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ለዩት እኮ።

ወይራ በኦሮምኛ ኤጀርሳ ነው። ከሞጆ ወደ መቂ ስትሄዱ ቆቃ ሳትደርሱ ኤጀርሳ የምትባል ከተማ አለች። በሐረርጌም ኤጀርሳ ጎሮ አለ። ሰው አገሩን የሰየመው በፊቱ በቆመው ዛፍ ይመስለኛል። ዛሬ በሞጆዋ ኤጀርሳ ስታልፉ ከመኪና ወርዳችሁ ስንት ወይራ እንደምታገኙ ቁጠሩ። የእኔም ከተማ የአዳማ ስም ከዛፍ የመጣ ነው ይባላል፤ ሐዳሚ ማለት ቁልቋል ነው። ቁልቋል ደግሞ ለማገዶ የመጨረሻው ነው። ወተቱ ዓይን ያጠፋል፣ እንጨቱ እንደ ገለባ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እኛ የአዳማ ልጆች ስለ እንጨት ብዙ የማናውቀው!

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ጥፋቴን ባጠፋሁ በማግሥቱ ነገሩ በቤት ውስጥ ክርክር አስነሣ። እኔ ለአባባ ደግፌ «ወይራ ከእንግዲህ እሳት ውስጥ መግባት የለበትም» አልኩ። እማማ ግን ዝም አላሉም።

«እናንተ ወንዶች ስለ ምሰሶ ታወራላችሁ። ጢሱን የምውጠው እኔ ነኝ። ወይራ ሲነድ ጢሱ ትንሽ ነው። ፍሙ እስከ ጠዋት ይቆያል። ብሳና ብጨምር ምጣዱ ሳይግል እሳቱ ያልቃል። ሌላ እንጨት አምጣና ተናገር።»

እውነታቸውን ነው። ስለ ዛፍ ጥበቃ የሚናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን የእማማን ጥያቄ መመለስ አለበት። ሳይመልስ «አትቁረጡ» ቢል ማንም አይሰማውም፤ መስማትም የለበትም።

መልሱ ያለው ሚዛን ላይ ነው። ደረቅ እንጨት ኪሎ ለኪሎ ቢመዘን የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው። 10 ኪሎ ደረቅ ወይራና 10 ኪሎ ደረቅ ግራር ብዙ አይለያዩም። የወይራ እሳት የሚበረታው እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነው። በአንድ ፍልጥ ውስጥ ብዙ እንጨት ታምቆ አለ። ብሳና ያው ቁመትና ያው ውፍረት ኖሮት በውስጡ ያለው እንጨት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ከወይራ ሌላ ጥቅጥቅ ያለ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ከተገኘ እማማ የሚፈልጉት እሳት ይገኛል።

በመሬት ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። አርባ ዓመት ተቀብሮ ለመቆም ሁለት ቋሚ ግራር ቢደረብም አንዱን ወይራ አይተካውም። በምድጃ ውስጥ ወይራ ምትክ አለው። በምስጥ መሬት ውስጥ ከጥድ በቀር ምትኩን እኔ አላየሁም፤ ጥድ ደግሞ የደጋ ዛፍ ነው፣ ለቆላው ሰው ሩቅ ነው። የእኔ አስተያየት ጠቅላላው ይህ ነው።

ታዲያ በእኛ አካባቢ ለምድጃ የሚሆነው ማን ነው? ግራር ነው። ግራር ግን አንድ ዛፍ አይደለም። እኔ ቆላው ላይ ያሉትን እሾሃሞች ሁሉ ግራር ብዬ በአንድ ስም እጠራ ነበር። የመንደሩ ሕፃናት ሳቁብኝ።

ደደቻ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ነው። ሁለት ዓይነት እሾህ አለው፤ አንዱ ረጅምና ነጭ፣ ሌላው አጭርና ቆልማማ። ፍሬው የተጠማዘዘ ነው፤ ፍየል ትወደዋለች። እንጨቱ ከባድ ነው፤ እሳቱ ጥሩ፣ ፍሙም ጥሩ ነው። ለአጥር ሲሆን ግን ነጩን ዳር ነቀዝ ቶሎ ገብቶ ዱቄት ያደርገዋል። ዋጩ ደግሞ ግንዱ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነው። ስትነኩት እጅ ላይ ዱቄት ነገር ይቀራል። እሱም ለእሳት ጥሩ ነው።

ገርቢን ግን ተዉት። በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል በጤፍ ማሳ መሐል ቆሞ የምታዩት ትልቅ ዛፍ እሱ ነው። ሥራው ከሌሎች ዛፎች የተገላቢጦሽ ነው። በክረምት ቅጠሉን ያረግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ ሰብሉን በጥላ አይጋርደውም፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ መሬቱን ያዳብራል። ፍሬው በበጋ ለከብት መኖ ነው። እንጨቱ ግን ቀላልና ነቀዝ የሚወደው ነው። ገርቢ ቆርጦ የሚያነድ ሰው ማዳበሪያውን ያቃጥላል፤ ጥሩ እሳት እንኳ አላገኘም።

ግራር ለምድጃ ነው ስል ከግንዱ ጣሉት ማለቴ አይደለም። ቅርንጫፉን መልምሉ። የደረቀውንና የወደቀውን ሰብስቡ። የደደቻ ቅርንጫፍ ከእጅ አንጓ ቢወፍር ለምጣድ ይበቃል። ወይራም ቢሆን ጭራሮው፣ ጠማማው፣ ለምንም የማይሆነው ጉማጅ ይንደድ፤ ማጠኛም ያስፈልጋል። የምከለክለው ቋሚ፣ ምሰሶ፣ ዘነዘና፣ ወይም የምሳር ዛቢያ ሊሆን የሚችለውን ነው።

ማድረቅን በተመለከተ ለወንዶች አንድ ቃል አለኝ። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ይደክማል። ጢሱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ጢሱን ደግሞ ማን እንደሚውጠው እማማ ነግረውናል። ስለዚህ የክረምቱ ማገዶ በበጋ ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተደርድሮ፣ ከላይ ተሸፍኖ መቀመጥ አለበት። ያልተፈለጠ ድፍን ግንድ በቅርፊቱ ውስጥ ውሃውን ይዞ ይቆያል። ይህ የወንድ ሥራ ነው። በእኛ ቤት ማገዶው ተዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ወደ ጎተራው ሥር ባልሄድኩም ነበር። ጥፋቴን ለማቃለል አይደለም፤ ግን እውነት ነው።

ምድጃውም ይታሰብበት። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ሲጣድ አብዛኛው እሳት በጎን ያመልጣል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ ነው። ያ አሸዋ በስምጥ ሸለቆ ሞልቶናል። ማኅበራችን ቅርጹን ገዝቶ በየተራ ቢያሠራ ምን ይጎድልበታል?

ስለ ከሰል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከአዳማ ወደ መተሐራ፣ ከመቂም ወደ ባቱና ወደ ላንጋኖ ስትሄዱ በመንገድ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ ታያላችሁ። ብዙው ከግራር የወጣ ነው። አፈር አልብሶ ማክሰል እጅግ ያባክናል። 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ገዢው በከተማ ነው፣ ከእነሱም አንዱ የእኛ ቤት ነው። እናቴ ቡና የምታፈላው በዚያ ከሰል ነው። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ከሰል ከዛፍ እንደሚመጣ በቃል አውቅ ነበር እንጂ አስቤበት አላውቅም። ቸግሮት የሚያከስለውን ገበሬ ብቻ መውቀስ እንግዲህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በመተሐራና በፈንታሌ በኩል ላላችሁ ግን አንድ የሚቆረጥ ዛፍ አለላችሁ። ከአፋር በኩል የመጣው ፕሮሶፒስ ነው። የውጭ አገር ዛፍ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ሲተከል የታሰበው ለበጎ ነበር፤ ኋላ ግን ከቁጥጥር ወጥቶ ግጦሹን ወረረው። እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለማገዶም ለከሰልም ጥሩ ነው። እሱን አንድዱት። ነገር ግን ከላይ ብቻ ከቆረጣችሁት ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ ከመሬት በታች ሥሩ ድረስ ቆፍራችሁ ቁረጡት። ከፕሮሶፒሱ ጋር ግራር ቀላቅሎ የሚያከስል ካለም ጎረቤቱ ይጠይቀው።

ስለ መትከልም ላንሣ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገራችን መተከሉ ተነግሯል። እኔም ያን ቀን ከትምህርት ቤት ጋር ወጥቼ ተክያለሁ። ምን እንደተከልኩ ግን አላውቅም! ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቁጥሩ ይነገራል፤ ዓይነቱ አይነገርም። ባህር ዛፍ መትከል ጥፋት አይደለም፤ ከማሳና ከምንጭ ራቅ ብሎ ቢተከል ለማገዶ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ወይራውንም ያድናል። ግን በየችግኝ ጣቢያው ወይራ ስንት ነው ብለን እንጠይቅ። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። የሚተክለው ሰው ለልጁ ነው የሚተክለው። የሚቸኩል ሰው አይተክለውም። እንግዲህ ማኅበር የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ሥራ አይደለም እንዴ?

ደግሞም ሳይተከል የሚበቅል አለ። ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው ዘሩን ቁጥቋጦ ላይ ሆነው ይጥሉታል። ዘሩ በቁጥቋጦው ጥላ ሥር፣ ከፍየል አፍ ተሸሽጎ ይበቅላል። እኛ ደግሞ ተራራውን «እናጽዳ» ብለን ቁጥቋጦውን ስንመነጥር ሕፃኑን ወይራ አብረን እንመነጥራለን። ከመመንጠራችሁ በፊት ሥር ሥሩን ተመልከቱ። የተቆረጠ የወይራ ጉቶም ቢሆን አልሞተም፤ ያቆጠቁጣል። ዙሪያውን እሾህ አጥሩለት። ከቡቃያዎቹ ጠንካራውን ትታችሁ ሌሎቹን አሳሱ። አባባ ከቤታቸው በላይ ባለው ገደል ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ጉቶዎች አሳይተውኛል። ከመካከላቸው አንዱ ቡቃያ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል።

አንድ ነገር ስለ ገበያ ልጨምር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንደሩ ወደ ዴራ የሚወርዱ የአህያ ጭነቶችን ቆሜ አያለሁ። አሁን ዓይኔ ስለተከፈተ በጭነቱ ውስጥ ወይራ ሲኖር አውቀዋለሁ። ወይራውም፣ ብሳናውም፣ ዋጩውም በአንድ ዋጋ በጭነት ይሸጣሉ። የአጥር ቋሚ የሚሆን ወይራ ለማገዶ ሲሸጥ ሻጩ ምን ያህል እንደሚከስር አንድም ቀን አስልቶ አያውቅም። አሁን መደመርና መቀነስ ተምረናል። እስቲ ቋሚ ለብቻው፣ ማገዶ ለብቻው ምን እንደሚያወጣ ገበያ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት በዳሱ ውስጥ የሒሳብ ጥያቄያችን ይህ ይሆናል።

ስለ እኔ ጥፋት መጨረሻ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አባባ ለልጃቸው ቤት ሌላ ምሰሶ እየፈለጉ ነው፤ እስካሁን አላገኙም። የተረፈውን ግማሽ እንጨት ሁለት ቦታ ቆረጡት። ከአንዱ ለእማማ ዘነዘና ወጣለት። ሌላውን በዳሱ ፊት ጉድጓድ አስቆፍረውኝ ተከሉት። ጥቁር ሰሌዳችን የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

እማማ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብለው ማገዶ አይቀበሉኝም። ማታ ማታ ሸክሜን ሳወርድ ፍልጥ እያነሡ «ይሄስ ማነው?» እያሉ ይፈትኑኛል። ትናንት ከስምንቱ ሁለት ሳትኩ። ደደቻውን ዋጩ ነው ብያቸው ሳቁብኝ።